የአንጎል ሕዋሳት ምስክር

ቤት ሲሸጥ፥ ጋብቻ ሲፈጸም፥ ኑዛዜ ሲጻፍ ምስክር ይጠራል። ነገሩ ወደ ሙግት የደረሰ እንደ ሆነ ዳኛው የምስክሩን ቃል ከመቀበሉ አስቀድሞ ማንነቱን ይመረምራል። ነገሩን በዓይኑ አይቶአልን? ከከሳሹ ወይም ከተከሳሹ ጋራ ዝምድና ወይም ቂም አለውን? የተጠየቀበትን ሰው ከሚመስለው ሌላ ሰው ለይቶ ያውቀዋልን? ይህ ሁሉ የሚደረገው ምስክሩን ለማዋረድ ሳይሆን፥ ባልተመረመረ ቃል የተሰጠ ፍርድ የሰውን ኑሮ ሊያፈርስ ስለሚችል ነው።

አንጎልን የሚመረምሩ ጠበብትም በላቦራቶሪያቸው ውስጥ ዘወትር ምስክር ያቆማሉ። ይህ ምስክር ግን ሰው አይደለም፤ ከአይጥ ወይም ከጥንቸል አካል የተገኘ፥ በዓይን የማይታይ እጅግ ደቂቅ ነገር ነው። በዛሬው ዓምዳችን የምንጽፈው ይህ ምስክር ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚመሰክርና በምን ጊዜ እንደሚያሳስት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ከአንባቢዎቻችን መካከል አማርኛን በመማር ላይ የሚገኙ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሦስት ቃላት እንፈታለን። «ሕዋስ» የሚለው ቃል በቀድሞው አነጋገር እንደ ማየትና እንደ መስማት ያለ የስሜት መሣሪያ ማለት ነበር፤ ዛሬም «አምስቱ ሕዋሳት» ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው። በሳይንስ አነጋገር ግን ሕዋስ ማለት ሕያው አካል ሁሉ የተሠራበት ትንሹ ክፍል ነው፤ ግንብ ከድንጋይ እንደሚሠራ አካልም ከሕዋሳት ይሠራል። ሁለተኛው «አስኳል» ነው። በወጥ ቤት የእንቍላል ቢጫው ክፍል አስኳል ሲባል፥ በሳይንስ ደግሞ በሕዋሱ መካከል የሚገኘውና የዘር ጽሑፍ የሚጠበቅበት ክፍል አስኳል ይባላል።

ሦስተኛው «ፀረ አካል» ነው። ፀር በግእዝ ጠላት ማለት ስለ ሆነ፥ ቃሉን እንዳለ የሚተረጕም ተማሪ «የአካል ጠላት» ማለት ሊመስለው ይችላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ፀረ አካል የአካል ዘበኛ ነው። ስሙን በ1891 በጀርመንኛ የተጠቀመበት ፓውል ኤርሊክ የተባለው ሐኪም ሲሆን፥ ማለቱም ከውጭ የገባውን ነገር የሚቃወም አካል ማለት ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በ1890 ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ፥ የመንጋጋ ቈልፍንና የዲፍቴሪያን መርዝ የሚያከሽፍ ኀይል በእንስሳት ደም ውስጥ እንደሚገኝ አሳይተው ነበር። ያ ኀይል ፀረ አካል መሆኑ በኋላ ታወቀ።

አሁን ወደ አንጎል እንመለስ። አንጎል እንደ ቅጠል ሳስቶ ተቈርጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፥ ቀለም ካልተቀባ በቀር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ገረጣ ያለ ነገር መስሎ ይታያል። በ1873 ኢጣሊያዊው ካሚሎ ጎልጂ በብር ጨው አማካይነት የአንጎልን ሕዋሳት ከነቅርንጫፎቻቸው በጥቁር ቀለም የሚያሳይ ዘዴ አገኘ። ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃልም በዚሁ ዘዴ ተጠቅሞ፥ የነርቭ ሕዋሳት እንደ መረብ የተቀጣጠሉ ሳይሆኑ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው የቆሙ መሆናቸውን አስረዳ። ጎልጂ በዚህ አሳብ ባይስማማም፥ ሁለቱ በ1906 የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ የጎልጂ ዘዴ የሚያሳየው ከብዙዎቹ ሕዋሳት መካከል ጥቂቶቹን ብቻ ነው፤ የሚያሳየውም መልካቸውን እንጂ በውስጣቸው ያለውን አይደለም።

በአንጎል ውስጥ የሚኖሩት ሕዋሳት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ መልእክት የሚቀበሉና የሚያስተላልፉ የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። ሌሎቹ በአንድነት ግሊያ ሲባሉ፥ ሥራቸው የነርቭ ሕዋሳትን መመገብ፥ መደገፍና መጠበቅ ነው። በሽታ ሲገባ የሚሞተው የትኛው ነው? መድኀኒት ሲሰጥ የሚተርፈው የትኛው ነው? ይህን ለማወቅ አስቀድሞ አንዱን ከሌላው መለየት ያስፈልጋል።

የመለያውም ምልክት ፕሮቲን ነው። በአንድ ሰው አካል ውስጥ የሚገኙት ሕዋሳት ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት የዘር ጽሑፍ አላቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚያነበው ለሥራው የሚሆነውን ገጽ ነው። ስለዚህ የነርቭ ሕዋስ የሚሠራቸው አንዳንድ ፕሮቲኖች በጕበት ወይም በግሊያ ሕዋስ አይገኙም። የፖሊስን፥ የወታደርንና የፖስታ ቤትን ሠራተኛ በደንብ ልብሳቸው እንደምንለያቸው፥ ሊቃውንትም ሕዋሳትን በፕሮቲናቸው ይለያሉ። ኒውኤን የተባለው ፕሮቲን በነርቭ ሕዋስ አስኳል ይገኛል፤ ማፕ ሁለት የተባለው መልእክት በሚቀበሉት ቅርንጫፎች ውስጥ ይገኛል፤ ጂኤፍኤፒ የተባለው ደግሞ አስትሮሳይት የሚባለውን የግሊያ ወገን ለማወቅ ያገለግላል።

ታዲያ በዓይን የማይታየውን ፕሮቲን ማን ያሳየናል? እዚህ ላይ ነው ፀረ አካል በምስክርነት የሚጠራው። ፀረ አካል ሁለት ክንዶች ያሉት ባላ የመሰለ ፕሮቲን ነው። በክንዶቹ ጫፍ ላይ ያለው ቅርጽ ቍልፍ ለመክፈቻው ልክ እንደሚሆን ለአንድ የተወሰነ ቅርጽ ብቻ ልክ ይሆናል፤ ያንንም ካገኘ አጥብቆ ይይዘዋል። በ1941 አሜሪካዊው ሐኪም አልበርት ኩንስ ከባልደረቦቹ ጋራ ሆኖ፥ የሳንባ ምች ባክቴሪያን የሚይዝ ፀረ አካል ላይ የሚያበራ ቀለም ለጠፈበት። ፀረ አካሉ መያዙን ሳይተው ባክቴሪያው በልዩ ብርሃን ሲታይ አበራ። ዘበኛው ፋኖስ ይዞ መዞር የጀመረው ከዚያን ጊዜ አንሥቶ ነው።

ዛሬ በላቦራቶሪ የሚደረገው አሠራር በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የአንጎሉ ሥጋ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ይደርቃል፤ ከዚያም በልዩ ምላጭ ተስሎ ይቈረጣል። ብዙ ጊዜ የአንዱ ቍራጭ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር 25ኛ እጅ አይበልጥም። ቀጥሎ ቍራጩ በእንስሳ ሴረም ይታጠባል፤ ይህም ፀረ አካሉ በማይገባው ቦታ ሁሉ እንዳይጣበቅ ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ፀረ አካል ይጨመርና በቀዝቃዛ ስፍራ፥ በ4 ዲግሪ፥ ያድራል። በማግስቱ በጨው ውሃ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ያልያዘው ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ የያዘው ይቀራል።

ቀጥሎ ሁለተኛው ፀረ አካል ይመጣል። የመጀመሪያው ከአይጥ የተገኘ እንደ ሆነ፥ ሁለተኛው የአይጥን ፀረ አካል እንዲይዝ ሆኖ ከፍየል ወይም ከአህያ ይዘጋጃል፤ ቀለሙንም የሚሸከመው እርሱ ነው። በአንዱ የመጀመሪያ ፀረ አካል ላይ ብዙ ሁለተኞች ስለሚያርፉ ብርሃኑ ይደምቃል። በቤተ መዛግብት ውስጥ አንዱ ጸሓፊ የተፈለገውን መዝገብ ሲያገኝ ሌሎቹ መብራት ይዘው እንደሚከቡት ማለት ነው። በመጨረሻም ቍራጩ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፥ በጨለማው መካከል የነርቭ ሕዋሳት አረንጓዴ ወይም ቀይ ሆነው እንደ ከዋክብት ይታያሉ።

በቀድሞው ጊዜ ግን አንድ ችግር ነበረ። ከአንድ ጥንቸል የተገኘ ፀረ አካል በጥንቸሏ ሞት ያልቃል፤ ከሌላ ጥንቸል የሚገኘውም ከፊተኛው ጋራ በትክክል አንድ አይሆንም። ይህን ችግር በ1975 በኬምብሪጅ የሠሩት ጆርጅ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን አቃለሉት። ፀረ አካል የሚሠራውን የአይጥ ጣፊያ ሕዋስ ሳያቋርጥ ከሚባዛ የነቀርሳ ሕዋስ ጋራ አዋሐዱት። ከውሕደቱ የተወለደው ሕዋስ ከአንዱ ወላጁ ፀረ አካል መሥራትን፥ ከሌላው አለማለቅን ወረሰ። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፀረ አካል ለብዙ ዓመታት ለብዙ አገር ላቦራቶሪ ማዳረስ ተቻለ። ሁለቱ ጠበብት ከኒልስ ጄርኔ ጋራ በ1984 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

በዚሁ ዘዴ ከተገኙት መካከል በአንጎል ጥናት እጅግ የታወቀው በ1992 በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ነው። ሪቻርድ ሙለን፥ ቻርልስ ባክና አለን ስሚዝ ከአንጎል ሕዋሳት የተለየ አስኳል ወስደው በአይጥ ላይ ወጉ፤ የአይጧም አካል ልዩ ልዩ ፀረ አካሎችን አወጣ። ከእነዚህ አንዱ በተፈተኑት የጀርባ አጥንት ባላቸው እንስሳት ሁሉ የነርቭ ሕዋስን አስኳል እየለየ ያሳይ ነበር። የያዘውን ፕሮቲን ግን ማንም አላወቀውም ነበርና «የነርቭ አስኳል» ለማለት ከእንግሊዝኛ አሳጥረው ኒውኤን አሉት። እንግዲህ ምስክሩ «ይህ ሰው እርሱ ነው» ይላል እንጂ የሰውየውን ስም አያውቅም ማለት ነው። ሊቃውንት በዚህ ምስክር ቃል ለ17 ዓመታት ከተጠቀሙ በኋላ፥ በ2009 በቤቴስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች የፕሮቲኑን እውነተኛ ማንነት አገኙ። ስሙ ፎክስ ሦስት ሲሆን፥ ሥራውም ከዘር ጽሑፍ የተቀዳውን መልእክት ቈርጦ በመቀጠል መርዳት ነው።

የዚህ ምስክር ጥቅም ምን ያህል እንደ ሆነ አንድ ምሳሌ እናምጣ። ለብዙ ጊዜ የሰው አንጎል 100 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት አሉት እየተባለ በመጻሕፍት ይጻፍ ነበር። የብራዚል ተወላጅ የሆኑት ሱዛና ኤርኩላኖ ኡዜል ከባልደረቦቻቸው ጋራ በመሆን ቍጥሩን በእውነት ለመቍጠር ተነሡ። አንጎሉን በሳሙና መሰል ፈሳሽ አሟሙተው አስኳሎቹ ብቻ ተንሳፈው እንዲቀሩ አደረጉ። ፈሳሹን አናውጠው ሁሉም እኩል ከተዳረሰ በኋላ ከእርሱ ጥቂት ወስደው የአስኳሎቹን ቍጥር ቈጠሩ፤ በኒውኤን ፀረ አካልም ከእነርሱ ስንቱ የነርቭ ሕዋስ እንደ ሆነ ለዩ። በ2009 በወጣው ጽሑፋቸው ከአራት ወንዶች አንጎል ያገኙት አማካይ ቍጥር 86 ቢሊዮን የነርቭ ሕዋሳት ሆነ፤ ሌሎቹም ሕዋሳት ከዚህ ብዙ ያልራቀ 85 ቢሊዮን ያህል ሆኑ። ግሊያ የነርቭን ሕዋስ ዐሥር እጅ ይበልጣል ይባል የነበረው አሳብ በዚህ ወደቀ።

ይህን ካነበበ በኋላ ሰው ምስክሩ ፍጹም ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን እዚህ ላይ የዳኛው ጥያቄ መነሣት አለበት። ኒውኤን የነርቭን ሕዋስ ሁሉ አያውቅም። በኋለኛው ትንሽ አንጎል የሚገኙት ፑርኪንጄ የተባሉት ትልልቅ ሕዋሳት የነርቭ ሕዋሳት ለመሆናቸው ምንም ጥርጥር የለም፤ ዳሩ ግን ይህ ፀረ አካል አያሳያቸውም። በማሽተት ክፍል የሚገኙት ሚትራል የተባሉት ሕዋሳትና በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉትም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ በዚህ ፀረ አካል አለመታየት «የነርቭ ሕዋስ አይደለም» የሚያሰኝ ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህም የሚከፋ ስሕተት አለ። በ2004 በቱርክ አገር በአንካራ የሚሠሩ ሐኪሞች የአንጎል ደም በጥቂቱ ተቋርጦባቸው የነበሩ አይጦችን መረመሩ። በተጐዳው ክፍል የኒውኤን ምልክት ጠፍቶ ነበር፤ ሕዋሳቱ ግን ሳይጠፉ በቦታቸው ይገኙ ነበር። ሐኪሞቹም የምልክቱ መጥፋት የሕዋሱን መጥፋት እንደማያመለክት ለሥራ ባልደረቦቻቸው ማስጠንቀቂያ ጻፉ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የፊት ነርቭ በተቈረጠባቸው እንስሳት ላይ ተመሳሳይ ነገር አዩ፤ የፊትን ጡንቻ የሚያዝዙት ሕዋሳት ምልክታቸውን ሲያጡ፥ ነርቫቸው የተቈረጠ ሌሎች ሕዋሳት ግን አላጡም።

የዚህን ነገር ክብደት በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደመወዝ ለመቀበል ሳይመጣ የቀረን ሠራተኛ ሞቶአል ብሎ መመዝገብ ይቻላልን? ምናልባት ታሞ ተኝቶ ይሆናል፤ ምናልባትም የደንብ ልብሱን አውልቆ ከእኛው መካከል ተቀምጦ ይሆናል። እንዲሁም ተመራማሪው ብርሃኑን ያጣውን ሕዋስ ሁሉ ሞተ ብሎ ቢቈጥር፥ የበሽታውን ጕዳት አብዝቶ ይጽፋል። ከዚህም በላይ፥ አንድ መድኀኒት ሕዋሱን ከሞት ሳያድን ምልክቱ እንዳይጠፋ ብቻ ቢያደርግ፥ «መድኀኒቱ አንጎልን አዳነ» ተብሎ ይነገራል። በዚህ የተሳሳተ ቃል ተስፋ የሚያደርገው ግን በሽተኛውና በአልጋው አጠገብ የሚያስታምመው ቤተ ሰቡ ነው።

ሌላው ምሳሌ ደግሞ ስለ ራሳችን አንጎል ነው። ከአደግን በኋላ አዲስ የነርቭ ሕዋስ ይወለድልናልን? በ1998 ፒተር ኤሪክሰን፥ ፍሬድ ጌጅና ባልደረቦቻቸው ሊወለድ እንደሚችል ጻፉ። በነቀርሳ ታመው የሞቱ ሰዎች ቀደም ሲል ለሕክምና ክትትል አንድ ኬሚካል ተሰጥቶአቸው ነበር፤ ይህ ኬሚካል ሕዋስ ሲከፈል በአዲሱ የዘር ጽሑፍ ውስጥ ይገባል። ተመራማሪዎቹ የትዝታ ሥራ በሚሠራበት ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ኬሚካሉንና ኒውኤንን በአንድነት የያዙ ሕዋሳት አገኙ። ይሁን እንጂ በ2018 በሳን ፍራንሲስኮ የሚሠሩ ሊቃውንት፥ ደብልኮርቲን የተባለውን የወጣት ነርቭ ምልክት ሲፈልጉ በአዋቂ ሰው አንጎል አላገኘንም አሉ። በዚያው ዓመት በኒውዮርክ የሚሠሩ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ አግኝተናል አሉ።

ሁለቱም ወገኖች የታመኑ ሰዎች ሲሆኑ ይህን ያህል እንዴት ሊለያዩ ቻሉ? በ2019 በማድሪድ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱ ሊሆን የሚችለውን አሳዩ። የአንጎሉ ሥጋ በማድረቂያው ፈሳሽ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቈየ እንደ ሆነ ደብልኮርቲን በፀረ አካል አይታይም፤ ለአጭር ጊዜ የቈየ እንደ ሆነ ግን ይታያል። ምስክሩ ዝም ያለው የሚናገረው ስለሌለው ሳይሆን፥ እንዳይናገር አፉ ስለ ተያዘ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ክርክሩም በዚህ አልተዘጋም።

እንግዲህ ምስክሩ እንዴት ይፈተናል? ጥንቁቅ ተመራማሪ የሚያደርጋቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንደኛ፥ የመጀመሪያውን ፀረ አካል ሳይጨምር ሁለተኛውን ብቻ ጨምሮ ያያል፤ ይህም ሲሆን የሚያበራ ነገር ቢታይ ብርሃኑ የሐሰት ነው። ሁለተኛ፥ ፕሮቲኑ በማይገኝበት ሥጋ፥ ለምሳሌ በጕበት ላይ ይፈትነዋል። ሦስተኛ፥ ከፈተናዎቹ ሁሉ በጠነከረው፥ የፕሮቲኑ ዘር ሆነ ተብሎ በጠፋበት እንስሳ ላይ ይሞክረዋል፤ የሌለውን ነገር «አለ» የሚል ምስክር ይሰናበታል። አራተኛ፥ በአንድ ምስክር ሳይወሰን ሌላ ፕሮቲን የሚይዝ ሁለተኛ ፀረ አካል ያቆማል። በ2005 የንጽጽራዊ ነርቭ ጥናት መጽሔት አዘጋጅ ክሊፎርድ ሴፐር ለአንባቢዎቻቸው ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፥ ፀረ አካል የተጠቀመ ጸሓፊ ሁሉ የፀረ አካሉን ምንጭና የተፈተነበትን መንገድ እንዲገልጽ መጠየቃቸው ስለዚህ ነበር።

እኛም ከዚህ የምንማረው አለን። በጋዜጣም ሆነ በራዲዮ «አዲስ መድኀኒት የአንጎልን ሕዋስ አዳነ» የሚል ዜና ስንሰማ፥ ከመደሰታችን ወይም ከመናቃችን በፊት ሁለት ነገር ብንጠይቅ መልካም ነው። መዳኑ የታወቀው በምንድን ነው? ያንን ያሳየውስ ምስክር በማን ተመረመረ? የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና፥ የአንድ ዓመት ምርመራ በመዝለል የሚገኘው ጥቅም የብዙ ዓመት ድካም ሊያስከፍል ይችላል።

በአይጥ አካል ተሠርቶ፥ በፍየል ፀረ አካል ተከቦ፥ በጨለማ ውስጥ የሚያበራው ይህ ትንሽ ዘበኛ ለሰው ልጅ ብዙ አገልግሎአል፤ ያለ እርሱ ዛሬ ስለ አንጎል ከምናውቀው ብዙው ባልታወቀ ነበር። የሚገባውም ክብር ለመልካም ምስክር የሚሰጠው ክብር ነው፤ ይኸውም ቃሉን በትዕግሥት መስማት፥ ቀጥሎም መመርመር ነው።